የመኪናዬ ጀርባና የአባቴ ወገብ

የመኪናዬ ጀርባ እንዳይጎብጥ ብዬ የአባቴን ወገብ ጎዳሁ። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ተናገሪ ብባል ይኼው ነው። ዘርዝሪው የሚለኝ ካለ ግን ከካራቫኑ መጀመር አለብኝ፤ ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እኔ አትክልተኛ ነኝ። እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ የሰው ግቢ አስተካክላለሁ፣ አጥር እከረክማለሁ፣ የውሃ ቱቦ እዘረጋለሁ። ለሥራዬ ቴንደር እነዳለሁ፤ አገር ቤት ፒክአፕ የሚሏት፣ ሁለት ረድፍ ወንበር ያላት፣ ኋላዋ ለጭነት የተከፈተ መኪና። ሴት ልጅ ቴንደር ስትነዳ በሰፈራችን በናሕሊኤል ያልተባለ ነገር የለም። "ባልየውስ ምን ይነዳል?" ይላሉ። ባልየው አውቶቡስ ይሳፈራል፤ እሱም ደስ ብሎት፣ እኔም ደስ ብሎኝ።

ባለፈው ዓመት ያገለገለ ካራቫን ገዛሁ። በመኪና የሚጎተት፣ አልጋና ትንሽ ማድ ቤት ያለው ቤት ነው። ልጆቼ ሰንበትን ሐይቅ ዳር ማሳለፍ ይወዳሉ፤ እኔም ድንኳን መትከል ሰልችቶኝ ነበር። አባቴ ሊያዩት መጡ። ዙሪያውን ዞሩት፣ በጣታቸው ቆርቆሮውን መታ መታ አደረጉት፣ አጎንብሰው ጎማውን አዩ።

"አገር የገባን ጊዜ መንግሥት ካራቫን ውስጥ ሲያስቀምጠን፣ መቼ ነው ከዚህ የምንወጣው እያልሽ ታለቅሽ ነበር" አሉኝ። "አሁን ደግሞ በገዛ እጅሽ ገዝተሽ ትጎትቺዋለሽ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!"

ሳቅን። ልጆቼ አያታቸውን እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ አልጋው ላይ አስቀመጧቸው። "መልካም ነው፤ ደስ ይበላችሁ" ብለው መረቁ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ኪኔሬት ሐይቅ ነበር። ካራቫኑን ስንቆልፍባት የመኪናዬ ኋላ ቁጭ አለ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ጎዳናው ላይ ስንወጣ መሪው እጄ ላይ ቀለለብኝ። ትልቅ የጭነት መኪና ባለፈን ቁጥር ካራቫኑ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ መኪናዬንም ይዟት ሊሄድ ይፈልጋል። ባሌ የበሩን እጀታ እንደጨበጠ ቀረ። ስንደርስ ወረደና "እኔ ስመለስ በአውቶቡስ ነኝ" አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው የምሩን ነበር፤ በአውቶቡስ ተመለሰ።

ቤት በተመለስን በነጋታው መካኒኬ ዘንድ ሄድኩ። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ እዚህም እጃቸው ከግራሶ ያልጸዳ ሰው ናቸው። መኪናዬ ሥር ገቡና ከዚያው ሆነው መሳደብ ጀመሩ።

"ባሌስትራሽ እኮ ደክሟል! በዚህ ነው ቤት ሙሉ የምትጎትቺው? ልጆችሽን ትጠያቸዋለሽ እንዴ?"

ባሌስትራ የሚሉት ከኋላ እግሮቿ በላይ የተደራረበውን የብረት ንጣፍ ነው፤ የጭነቱን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። መካኒኩ ንጥረቱን የሚያበርድ አዲስ አሞርዛተር አስገቡልኝ፤ ከባሌስትራው በላይ ደግሞ በግራና በቀኝ ሁለት የጎማ ከረጢት ገጠሙ። ከረጢቶቹ በአየር ይነፋሉ። ሲነፉ የመኪናዋን ኋላ ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ጭነት አያጎብጣትም። የሚነፉበትና የሚተነፍሱበት ትንሽ ቀዳዳ ከታርጋው አጠገብ አለ፤ የብስክሌት ጎማ ላይ እንዳለው ዓይነት ነው።

"ስሚኝ" አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "ካራቫኑን ስትቆልፊ ንፊው። ስትፈቺ አስተንፍሺው። ባዶዋን መኪና በተነፋ ከረጢት ከነዳሻት እንደ ድንጋይ ትደርቃለች፤ ኋላ የተቀመጠውን ሰው ወገቡን ትቆርጠዋለች።"

"እሺ ጋሼ።"

"እሺ አይደለም፤ ድገሚልኝ።"

እንደ ተማሪ ደገምኩላቸው። ስቆልፍ እነፋለሁ፣ ስፈታ አስተነፍሳለሁ። አልሰማሁም፣ አላወቅሁም፣ ማለት እንደማልችል እንድታውቁልኝ ነው ይኼን የምጽፈው።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! መኪናዬ ካራቫኑን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። ጭነት መኪና ሲያልፈን ንቅንቅ የለም። ባሌ እንኳ ሦስተኛው ጉዞ ላይ እጀታውን ለቀቀ። እኔ ደግሞ ኩራቱ አይጣል ነው፤ ጎረቤት ባገኘሁ ቁጥር የመኪናዬን ጀርባ አሳያለሁ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ ከጋን ሽሙኤል ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ሄደው ደማቸው በማሽን ይታጠባል፤ ዲያሊዛ እንለዋለን። የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፤ የማዘጋጃ ቤቱን ማመላለሻ ደግሞ እኔው ነኝ እምቢ ያልኩት። "አባቴን እኔ እያለሁ ማንም አያመላልሳቸውም" ብዬ ደረቴን መትቼ ነበር። ፊት ወንበሬ ላይ መቀስ፣ ቱቦ፣ የሥራ ልብስ፣ ምኑ ቅጡ ተከምሯል። አባቴ ኋለኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። "ኋላ ይሻለኛል" ስላሉኝ አንድም ቀን ዕቃዬን አላነሳሁም።

መጀመሪያ አካባቢ አየሩን አስተነፍስ ነበር፤ ውሸት አልናገርም። ግን ከጉዞ የምንመለሰው ቅዳሜ ሰንበት ከወጣ በኋላ ነው። ልጆቹ ተኝተው፣ ባሌ አዛግቶ፣ እኔ ካራቫኑን ፈትቼ እጄን ታጥቤ መግባት ብቻ ነው የምመኘው። መንፊያው ደግሞ ካራቫኑ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ባስተነፍሰው ዓርብ እንደገና ልነፋ ነው። "ለስድስት ቀን ምን ያስለፋኛል?" አልኩ። አንድ ሳምንት ተውኩት። ሁለተኛውንም ተውኩት። ከዚያ በኋላ መተዉን ራሱን ረሳሁት።

እሑድ ጠዋት አባቴን ኋላ ጭኜ ባዶዋን መኪና እነዳለሁ። ከቤታቸው እስከ ሆስፒታሉ መኪና ለማዘግየት የተሠሩ ጉብታዎች አሉ፤ እኔ ፊት ደህና ወንበር ላይ ተቀምጬ ድው ድው ሲል እሰማለሁ። "እሰይ፣ ጠንካራ!" እላለሁ በሆዴ። ስንደርስ በሩን ከፍቼ እጠይቃቸዋለሁ።

"መንገዱ እንዴት ነበር አባ?"

"ተመስገን ልጄ።"

ተመስገን መልስ መሰለኝ። በእኛ ቤት ተመስገን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? እግሩ ተቆርጦ ያልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው እንኳ ቢጠየቅ ተመስገን ነው የሚለው። አንድ ቀን ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት። "በረዳዎት እንዴ?" አልኩና ማሞቂያውን ከፈትኩ። ሌላ ቀን ጉብታው ጋ ስንደርስ ሁለት እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተክለው ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ በመስታወት አየኋቸው። ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉ መሰለኝ። ዓይኔ ያያል፣ እኔ አላይም።

እንዲህ እያልን አራት ወር ሄድን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ጡሩንባ ነፋሁ፤ አልወረዱም። ደረጃውን ወጣሁ። ፒጃማቸውን እንደለበሱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"ዛሬ አልሄድም።"

"አመመዎት?"

"አልታመምኩም። በቃኝ ነው የምልሽ።"

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ስልክ አውጥቼ ወንድሞቼን አስለመንኩ። ወይ ፍንክች! ሐሙስም እንደዚያው። ሐሙስ ዕለት እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሎ ነበር፤ ሲናገሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከሆስፒታሉ ነርሷ ደወለች። "እሑድንም ከቀረ ሊሞት ይችላል፤ እየሰማሽኝ ነው?" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁና አባቴ ፊት ቆሜ፣ ዛሬ ሳስበው ምላሴን የሚያቃጥለኝን ነገር ተናገርኩ።

"በልጅ ልጆችዎ ፊት ሞትን መረጥኩ ይበሉና ይረፉ! እኔ ሥራዬን ጥዬ ነው የማመላልስዎት!"

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። "ልክ ነሽ" አሉ።

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌ ልልክባቸው ወሰንኩ። ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፣ ለተጣሉ ባልና ሚስት ይላካል። ልጅ በገዛ አባቷ ላይ፣ እባክዎ አይሙቱ ብላ ሽማግሌ ስትልክ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሌላ መላ አልነበረኝም። ናሓል ሀደራ ወደሚባለው የወንዝ ዳር መናፈሻ ሄድኩ፤ ሽማግሌዎቻችን ጠዋት ጠዋት እዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ። ሁለቱን የአባቴን ወዳጆች አገኘሁ። አንደኛው አብሯቸው ያደጉ ጎንደሬ ናቸው። ሌላው የትግራይ ሰው ናቸው፤ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋባቸዋል። ነገሩን ነገርኳቸው፤ ከዘራቸውን አንስተው ተነሱ። ኋላ አስቀመጥኳቸው፤ ፊት ወንበሩ እንደተለመደው ሙሉ ነው።

የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ትግሬው ሽማግሌ "ዋይ ኣነ!" ብለው ጮኹ። ጎንደሬው ባርኔጣቸው ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ወደቀ።

"ኧረ አንቺ ልጅ! መኪና ነው ወይስ ያልተገራ በቅሎ?"

"ጠንካራ ናት አባባ" አልኩ ሳቅ ብዬ። እነሱ አልሳቁም።

እንደ ደንቡ እኔ ውጭ ቀረሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን አይለይም። አንዴ የአባቴ ድምፅ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ያን ያህል ርዝመት ሲናገሩ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ብዙ ቆይተው ጎንደሬው ሽማግሌ ወጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"መጀመሪያ እንደማትቆጪ ቃል ግቢልኝ።"

"ገባሁ።"

"አባትሽ ሞት አልፈለጉም። አባትሽ የፈሩት መኪናሽን ነው።"

ምን እንደሚሉ አልገባኝም።

"ከወራት በፊት ጀምሮ ወገባቸውን እየመታቸው ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ እግራቸው አይታዘዝም። ማታውን ሙሉ በማግስቱ የሚመጣውን ጉብታ እየቆጠሩ ያድራሉ። ማሽኑን አልጠሉም፣ መርፌውን አልጠሉም። እኛ ዛሬ አንዴ ተቀምጠን አየነው እኮ!"

ወይኔ! አየሩ! በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ዓይኔ ላይ መጣ። መካኒኩ፣ ጋቢው፣ ወንበሩ ላይ የተተከሉት ሁለት እጆች።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ።

"ነግረውሻል።"

"በእግዜር! መቼ?"

"በነርሷ በኩል፣ ሁለት ጊዜ። ፊት ለፊት ሥራዋን ጥላ የምታመላልሰኝን ልጅ ጋሪሽ ቆረቆረኝ ለማለት አፍሬ፣ ለነርሷ ንገሪልኝ ብዬ በልጄ በራሷ አፍ አስነገርኳት ነው የሚሉት። ልጄ ሰምታ መልስም ሰጥታኛለች አሉ።"

"ምን ብዬ?"

"እሱን አልነገሩንም። ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ።"

እውነት ነው፤ ነግረውኛል። ነርሷ ሁልጊዜ ከመጀመሯ በፊት የሚያማቸው ነገር እንዳለ ትጠይቃለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። አንድ ጊዜ "መንገዱ ወገቤን ሰበረው በያት" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዓይን ዓይኔን እያዩ "በያት፣ ይኼ መንገድ ከበሽታው በፊት ይገድለኛል" አሉ። ሁለቱንም ጊዜ ለሥራ ቸኩያለሁ፣ ሰዓቴን እያየሁ ነው። ለነርሷ በዕብራይስጥ "ትንሽ ወገቡን ነው፤ እርጅና ነው" አልኳትና ቦርሳዬን አነሳሁ። ቃላቸው በጆሮዬ ገብቶ በአፌ ሲወጣ እኔን ሳይነካኝ አለፈ።

ወርጄ ከታርጋው አጠገብ ያለችውን ክዳን ፈታሁና ጫፏን በቁልፌ ተጫንኳት። አየሩ ፉጨት እያሰማ ወጣ፤ የመኪናዋ ኋላ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የአባቴን አራት ወር የበላሁት ለዚህች ነው! እዚያው መንገድ ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። የሚያልፈው ሰው መኪናዋ የተበላሸችባት ሴት ብሎኝ ይሆናል።

ፊት ወንበሩን ባዶ አደረግሁ። መቀሱንም ቱቦውንም ኋላ ወረወርኩት። ሽቅብ ወጥቼ አባቴ እግር ሥር ወደቅኩ፣ ያበጠ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"አጥፍቻለሁ አባ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ተነሺ፣ ተይ" አሉ እያፈሩ። "መኪናሽን ለካራቫኑ ብለሽ እንዳጠነከርሻት ነግረሽኝ የለ? እንዳትሸጪው ብዬ ነው ፊት ለፊት ያልነገርኩሽ። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል።"

"ካራቫኑ ገደል ይግባ!"

"አይግባ። ካልሲዬን አምጪልኝ።"

ሆስፒታሉ ደወልኩ፤ አሁኑኑ አምጪው አሉኝ። አባቴን ፊት አስቀምጬ፣ እያንዳንዱን ጉብታ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብዬ አለፍኩት። ከኋላዬ የሚከተለኝ ሁሉ ጡሩንባውን አቀለጠው። ይንፋ! አባቴን እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ ተመስገን ሲሉኝ መስማት አልፈለግሁም።

ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አስተኛቻቸው። ክንዳቸውን በጥጥ እየጠረገች "ሳባ፣ ሁለት ጊዜ የት ጠፋህብን?" አለች። ሽማግሌ ሁሉ ለእሷ ሳባ ነው፣ አያቴ ማለቷ ነው። እኔ ለአባቴ ተረጎምኩላቸው።

አባቴ ጣሪያውን እያዩ "መኪናው ተበላሽቶ ነበር በያት" አሉ።

የሚሞቱበትን ምክንያት ከእኔ የደበቁት አልበቃ ብሏቸው፣ አሁን ደግሞ እኔን ከነርሷ ሊሸፍኑኝ ነው! አልቻልኩም። በዕብራይስጥ፣ በፍጥነት፣ "መኪናው አልተበላሸም" አልኳት። "በእኔ ስንፍና ነው። መኪናው ወገባቸውን እየጎዳቸው እንደሆነ ሁለት ጊዜ ልነግርሽ ሞክረዋል፤ እኔ ነኝ ቆርጬ ያስቀረሁት።" ነርሷ ጥጡን እንደያዘች ቆመች።

"ምን አልሻት?" አሉ አባቴ።

"እንዳሉኝ ነው ያልኳት። መኪናው ተበላሽቶ ነበር አልኳት።"

አባቴ ዕብራይስጥ አይሰሙም ብዬ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የማምነው። ባንክ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት፣ የትም ቢሆን ምን አለ፣ ምን አለች እያሉ ነው የሚጠይቁኝ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና፣ ሃያ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ በሰሙት ጥርት ያለ ዕብራይስጥ "ሻክራኒት" አሉኝ። ውሸታም ማለት ነው። ከዚያ ክንዳቸውን ለመርፌው ዘረጉ።

ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ይሰማሉ። "እርጅና ነው" ስላት ሁለቱንም ጊዜ ሰምተውኛል። መልስ ሰጥታኛለች ያሉት ይኼንን ነበር።